ጥያቄና መልስ፦ የሆቦከን ጀግኖች

ባለፉት ሳምንታት ከጅማ ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ናቸው፤ ስሙ «ሱፐርሂሮ ሊግ ኦፍ ሆቦከን» ይባላል። ስቲቭ መሬትስኪ የነደፈው፣ ሌጀንድ ኢንተርቴይንመንት በ1994 (እ.ኤ.አ.) ለዶስ፣ ማለትም ለያኔው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ያወጣው፣ የጀግኖች ቡድን እየመሩ የሚጫወቱት አስቂኝ ጨዋታ ነው።

ጥያቄ፦ በዶስቦክስ (የዶስ ጨዋታዎችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያሠራው ፕሮግራም) ስከፍተው ድምፁ ይቆራረጣል፤ ማውዙም ከመስኮቱ አልወጣ ይለኛል። ፍጥነቱን ላስተካክል ስል ደግሞ ጨዋታው ድንገት ተዘጋ። ምን ነካሁ? (ከጂሬን)

መልስ፦ የነኩት ኮንትሮልና ኤፍ 9 ነው። ኮንትሮልን እንደያዙ ኤፍ 11 ፍጥነት ይቀንሳል፣ ኤፍ 12 ይጨምራል፣ ኤፍ 10 ማውዙን ይለቃል። ኤፍ 9 ግን «እርግጠኛ ነዎት?» እንኳ ሳይል ሁሉንም ይዘጋል፤ ያላስቀመጡት ጨዋታ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፍጥነት ከመነካካትዎ በፊት ሴቭ ያድርጉ። በብዙ ላፕቶፖች እነዚህ ቁልፎች የድምፅና የብርሃን መቆጣጠሪያ ስለሆኑ ኤፍኤን የሚለውንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ድምፁ የሚቆራረጠው ዶስቦክስ ከላፕቶፑ አቅም በላይ ሲጠየቅ ነው። የፍጥነቱ ልክ የሆነው የ«ሳይክልስ» ቁጥር በመስኮቱ አናት ላይ ይታያል፤ ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ደረጃ በደረጃ ያውርዱት። ስዕሉ ከተጎተተ አልፈው ወርደዋልና ትንሽ ይመልሱት። የተስማማዎትን ቁጥር በዶስቦክስ ማዋቀሪያ ፋይል «ሳይክልስ» በሚለው መስመር ላይ ይጻፉት፤ አለበለዚያ በተከፈተ ቁጥር ይጠፋል። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ትናንት ጥሩ የነበረው ቁጥር ዛሬ ሊያቆራርጥ ይችላል። ያን ጊዜ አሁንም ዝቅ ማድረግ ነው።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለ በጨዋታው የድምፅ ማስተካከያ ላይ የድምፅ ካርዱን ሳውንድ ብላስተር፣ አድራሻውን 220፣ አይአርኪውን 7፣ ዲኤምኤውን 1 ያድርጉ፤ ዶስቦክስ ሳይቀየር የሚመጣው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ጨዋታውን ደግሞ ስሙ በፊደላት መካከል ክፍት ቦታ የሌለውና ከ8 ፊደል ያልበለጠ ማህደር ውስጥ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ የእኔ ጀግኖች ምን ይረባሉ? አንዷ የፒዛ ካርቶን ሳትከፍት ውስጡን ታያለች፣ ሌላው የቅባት ሰው ነው። በየውጊያው እንሸነፋለን። (ከቆጪ)

መልስ፦ ችሎታቸውን በጡንቻ አይመዝኑት። ይህ ጨዋታ ግማሹ ውጊያ፣ ግማሹ እንቆቅልሽ ነው። ማዳም ፔፐሮኒ በካርቶን ውስጥ ማየቷ፣ ፕሪንሰስ ግላቭቦክስ የመንገድ ካርታ ማጠፏ፣ አይረን ተሚ በርበሬ የበዛበትን ምግብ ያለ ችግር መብላቱ ለውጊያ አይደለም፤ መንገድ ሲዘጋብዎ የማንን ችሎታ እንደሚጠቀሙ ማሰብ አለብዎት። ከማንኛውም ትልቅ ጡጫ ይልቅ የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው።

ለውጊያ የሚያገለግሉም አሉ። ትሮፒካል ኦይል ማን የጠላትን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ካፒቴን ኤክሳይትመንት እንስሳትን ያስተኛል፤ እንስሳ ባልሆነ ጠላት ላይ ከተጠቀሙበት ግን ተራዎን በከንቱ ያቃጥላሉ። ከዚያ ውጭ ያለውን ድል የሚያመጣው መሣሪያና መከላከያ ልብስ ስለሆነ ገንዘብዎን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውሉት። ገና ደካማ ሳሉ ከዋናው ሰፈር አይራቁ፤ ቅርቡን ጨርሰው፣ ተመልሰው አገግመው፣ ከዚያ ይራቁ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ይወደዋል፣ ግን ቀልዱ አልገባውም። የጀግኖቹ አለቃ ለምን «ክሪምሰን ቴፕ» ተባለ? (እናት፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ እህታችን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዛሬ ሂድ ነገ ና» የሚለውን የቢሮ ውጣ ውረድ «ቀይ ጥብጣብ» ይሉታል። ክሪምሰን ደማቅ ቀይ ነው። የዚህ ጀግና ልዩ ኃይልም የመሥሪያ ቤት መዋቅር ሠንጠረዥ መሥራት ነው፤ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ የሚያሳየው፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት። ለልጅዎ ይህን ሲነግሩት አብራችሁ ትስቃላችሁ።