ሲባጎውን ማን ይፈታዋል?

ልጆቼ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ጋዜጣ ልትጀምሩ መሆኑን ሰማሁ። ስለ አጻጻፍ የምላችሁ የለኝም። እኔ ጽፌ አላውቅም፤ አከፋፋይ ነበርኩ።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ጋዜጣው እንደ አሸን ፈላ። አብዛኛው ብርሃንና ሰላም ታትሞ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግሮ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ይደርሳል። አከፋፋዮቹ ሦስት ነበርን። መጀመሪያ ተፋጀን። ኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከተማዋን ተካፈልናት፤ መናኸሪያው ላንተ፣ ገበያው ለእሱ። አራተኛ ሰው እንዳይገባ ለአውቶቡስ ረዳቶች ጉርሻ ቆረጥንላቸው። ካርቴል፣ ማለት ገበያ ተካፍሎ ሌላውን መዝጋት፣ የሚባል ቃል አናውቅም። “መተዛዘን” ነበር የምንለው።

ከሽያጩ የሚደርሰን ኮሚሽን ያነሰብንን ጋዜጣ ሲባጎውን እንኳ ሳንፈታ “ተመላሽ” ብለን እንልከዋለን። አዘጋጁ ጎጃም አያነብም ብሎ ይሆናል። አንባቢው ግን ጋዜጣውን በዓይኑም አላየው።

ትልልቆቹ የዜና ወኪሎችም ያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1870 የእንግሊዙ ሮይተርስ፣ የፈረንሳዩ ሃቫስና የጀርመኑ ዎልፍ ዓለምን ለዜና ሽያጭ ተከፋፈሉ። አንዱ በሌላው ግዛት ዜና አይሸጥም። ውሉ እየታደሰ እስከ 1930ዎቹ ዘለቀ። እኛስ አንዲት ከተማ ነው የተካፈልነው!

የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሼትድ ፕሬስ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1846 የኒውዮርክ ጋዜጦች ዜና የማምጫውን ወጪ ለመጋራት የጀመሩት ደቦ ነበር። ደቦው እያደር አጥር ሆነ። አባል የሆነ ጋዜጣ የከተማውን ተፎካካሪ እንዳይገባ ማገድ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1941 የተመሠረተው ቺካጎ ሰን የተባለ ጋዜጣ አባል ልሁን ብሎ ቢያመለክት በሩ ተዘጋበት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1945 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡን ሕገወጥ አለው። ወጪ መጋራቱን አልከለከለም፤ ሌላውን ማገዱን እንጂ።

ስለዚህ ስለ አርማው ቀለም ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ማተሚያው በማን እጅ እንዳለ፣ ማን እንደሚጭንላችሁ፣ ማን እንደሚያከፋፍል ጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው ካላችሁም፣ ገጻችሁን ለሰው የሚያሳየው ወይም የሚደብቀው ማነው? እሱም ያው ሲባጎ ነው።

የእኛን አጥር የጣሰው አንድ ጎረምሳ ነው። ረዳቶቹ እምቢ ሲሉት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለመነ። አንድ ጠዋት ሻይ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ጋዜጣ ዘርግቷል። የእኛ ጥቅል ገና ዓባይ ማዶ ጎሐ ጽዮን እንኳ አልደረሰም። ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ካየኝ ቆሞ እጅ ይነሳኛል። አንገቴን የምደፋው እኔ ነኝ።