ጾመኛ በህንድ መንገድ ላይ ምን ይብላ?

ጥያቄ፦ ህንድ የምማር ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ከዴልሂ አምሪትሳር በመኪና ልንሄድ ነው። ሁዳዴ እየጾምኩ ነው፤ ምን ልብላ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶቹ «ዳባ» ይባላሉ። ችግሩ እዚያ «ቬጅ» ማለት ሥጋ የለውም ማለት ነው እንጂ ወተትና ቅቤማ ሞልቷል! ከዴልሂ ወጣ እንዳልክ ሙርታል የምትባል ቦታ አለች፣ በፓራታ የታወቀች፤ ድንች የተሞላ ቂጣ ነው፣ ታዲያ ላዩ ላይ ቅቤ ጉብ ተደርጎበት ነው የሚመጣልህ። ዳል ማክኒ የሚባለው ወጥም ተራ የምስር ወጥ መስሎህ እንዳትሸወድ፣ በቅቤና በክሬም ነው የሚሠራው። ናን የሚባለው ቂጣም ብዙ ጊዜ እርጎ አለው። ታንዱሪ ሮቲ (በሸክላ ምድጃ የሚጋገር የስንዴ ቂጣ) እና የሽምብራ ወጥ እዘዝ፣ «ማክኸን ናሂ፣ ጊ ናሂ» በል፤ ቅቤም ንጥር ቅቤም አይግባበት ማለት ነው። ሻዩም (ያሳዝናል፣ ይጣፍጣል) ከወተት ጋር ነው የሚፈላው። ለሆድህ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሮች የተሰበሰቡበት ጋ ቁም፤ ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅ ትኩስ ነው።