ስለ በቆሎ ዘር፣ ስለ ብቅልና ስለ እምቦጭ፦ የባዮሎጂ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ስለሆነ «ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከተማሪው ይልቅ ገበሬውና ጠላ ጠማቂው ጠንከር ያለ ጥያቄ አመጣ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዳንግላ)፦ ቲቸር፣ መጽሐፉ ተክል ምግቡን ራሱ ይሠራል ይላል። አባቴ ደግሞ ማዳበሪያ የእህል ምግብ ነው ይላሉ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አባትህ ማዳበሪያ ካልገባ እህሉ እንደማይሆን በዓይናቸው ስላዩ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲንም ሆነ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል አይሠራም። የተክሉ ገላ ግን ከአፈር አልመጣም። ቫን ሄልሞንት የሚባል የዛሬዋ ቤልጂየም ሰው 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር ገንዳ ውስጥ አድርጎ አንዲት የአኻያ ችግኝ ተከለ፤ 5 ዓመት ሙሉ ውኃ ብቻ አጠጣ። ዛፉ ወደ 77 ኪሎ ደረሰ፤ አፈሩ ተመልሶ ደርቆ ሲመዘን የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። እሱ «ዛፍ ከውኃ ተሠራ» ብሎ ደመደመ፤ ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመኝ ሌላው ሙከራው ነው። 62 ፓውንድ ከሰል አንድዶ የቀረው 1 ፓውንድ አመድ ብቻ መሆኑን፣ ሌላው ጋዝ ሆኖ መሄዱን ራሱ ጽፏል። ሁለቱን አላገናኛቸውም እንጂ መልሱ እጁ ላይ ነበር። የፋግታ ለኮማ ሰው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ አክስሎ በጆንያ የሚሸጠው ካርቦን ሁሉ ቅጠሉ ከአየር የሳበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአፈር የመጣው ምድጃ ላይ የሚቀረው አመድ ነው።

ጥያቄ (ጠላ ጠማቂ፣ ፍኖተ ሰላም)፦ መምህር፣ ገብሱን ዘፍዝፌ በኮባ ጠቅልዬ ጨለማ ውስጥ ነው የማበቅለው። ያለ ፀሐይ እንዴት አደገ? ደግሞ እጄን ስከት ይሞቃል።

መልስ፦ እትዬ፣ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ፈተና አድርጌ ላወጣው ነው። ፍሬው ውስጥ እናቱ ያጠራቀመችለት ስታርች አለ። ውኃ ሲያገኝ ኢንዛይም (ምግብ የሚሰብር ፕሮቲን) ያወጣና ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰብረዋል፤ እርስዎም ብቅሉን የሚፈልጉት ለዚሁ ነው። ቡቃያው ስኳሩን በኦክስጅን እያቃጠለ ጉልበት ያገኛል፤ ይህ ሪስፒሬሽን ይባላል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብቅሉን አድርቀው ቢመዝኑት ከዘፈዘፉት ገብስ ያንሳል፤ የጎደለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሄዷል።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ። «ተክል ቀን ፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ መሥራት)፣ ማታ ሪስፒሬሽን ያካሂዳል» የሚለው ስህተት ነው። ሪስፒሬሽን ቀንም ሌሊትም አይቆምም። በየዓመቱ በዚህ ነጥብ የሚጥል ተማሪ አይጠፋም።

ጥያቄ (ወጣት ገበሬ፣ ቡሬ)፦ ጋሼ፣ አምና የገዛነው ምርጥ ዘር በቆሎ ጥሩ ስለሰጠን ከእሱው መርጠን አስቀምጠን ዘራን። ዘንድሮ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ እሸቱም ትንንሽ ሆነ። ነጋዴው አበላሽቶ ሸጦልን ይሆን?

መልስ፦ ነጋዴውን ተወው። የገዛኸው ዲቃላ ነው። ቢኤች 540 የተባለውን የበቆሎ ዝርያ ውሰድ፤ ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ እየተዳቀሉ የቆዩ ሁለት መስመሮች ተዳቅለው የወለዱት ነው። (ቢኤች 660 ሦስት ወላጅ አለው፤ ነገሩ ያው ነው።) አንድ ጂን ብቻ እንይ፤ ጂን ባሕርይን የሚወስን ውርስ ነው፤ ተክሉ ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ይይዛል። አንዱ ወላጅ «ሀሀ»፣ ሌላው «ለለ» ቢሆን፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ሁሉ «ሀለ» ነው። ማሳህ አምና ወጥ ሆኖ የታየህ ለዚህ ነው፤ ድብልቅነቱም ብርታት ይሰጠዋል። እነዚህ «ሀለ»ዎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን ሩቡ «ሀሀ»፣ ግማሹ «ሀለ»፣ ሩቡ «ለለ» ይወጣል። ይህ በብዙ ሺህ ጂኖች ላይ በአንድ ጊዜ ሲሆን አስበው! ድብልቅነቱ በግማሽ ወረደ፤ ምርቱም አብሮ ወረደ።

የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ግሪጎር ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህንኑ ነው። ድቡልቡልና ጭምድድ አተር አዳቀለ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። ያንን ሲዘራ 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 ጭምድድ ቆጠረ፤ ሦስት ለአንድ ማለት ነው። እናንተ ቡሬ ላይ ሳትቆጥሩ ደገማችሁት።

እንግዲህ ዲቃላ ከሆነ በየዓመቱ መግዛት ነው። ከራስህ ጎተራ መዝራት ከፈለግህ በነፋስ በነፃ የሚዳቀሉትን ዝርያዎች ጠይቅ፤ እነሱ ለጥቂት ዓመታት ይቆያሉ።

በዚያው ነጭ በቆሎ ላይ ለምን ቢጫ ፍሬ ጣልቃ እንደሚገባ ለጠየቃችሁ፦ ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ጸጉር እያንዳንዱ ወደ አንድ ፍሬ ይወርዳል። የጎረቤት ቢጫ በቆሎ ብናኝ በነፋስ መጥቶ ያረፈበት ጸጉር ፍሬው ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ ነጭን ይጫናልና። ብናኝ ያላገኘው ጸጉር ቦታው ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ (እሱው ገበሬ)፦ ታዲያ ጤፍ ለምን አይለወጥም? አያቴ ይዘሩት የነበረውን ነው የምንዘራው።

መልስ፦ ጤፍ ከሞላ ጎደል ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ሁሉም ጂን «ሀሀ» ወይም «ለለ» ከሆነ ምን ይበታተናል? ለተመራማሪ ግን ይኸው ነገር ራስ ምታት ነው፤ አበባዋ ከማነሷ የተነሣ ማዳቀል አይቻልም ሲባል ኖሯል። የጤፍ ተመራማሪው ዶ/ር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት አስተዋሉ፤ በሩም ተከፈተ። ቁንጮ የተባለው ጤፍ የተገኘው ዱከም የተባለውን ምርታማ ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል ሲሆን፣ የተለቀቀውም በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ (ስሜ ይቆይ)፦ የአባት የደም ዓይነት ኦ፣ የእናት ኤቢ ነው። ልጅ ኦ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ በተለመደው ሕግ ኤ ወይም ቢ ነው የሚሆነው። ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ልዩ ሁኔታ አለ፤ የካርድ ስህተት ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ቤት ውስጥ ጠብ ሳይነሣ ሦስቱም እንደገና ይመርመሩ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)፦ እምቦጭ አረንጓዴ ተክል ነው፤ ኦክስጅን ይሰጣል። ታዲያ ለጣና ምኑ ነው ጉዳቱ?

መልስ፦ ጎበዝ! ኦክስጅኑን የሚሰጠው ግን ለአየሩ ነው፤ ቅጠሉ ከውኃው በላይ ነውና። ከሥር ያለው ውኃ ኦክስጅን የሚያገኘው በብርሃን ከሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎችና ከአየር ጋር በመነካካት ነበር። እምቦጩ ምንጣፍ ሆኖ ሁለቱንም ይዘጋል። ሲሞት ደግሞ ይሰምጣል፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። አምባዛ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል ይንፈራገጣል፤ ቀረሶ ግን አይችልም። ጣና ላይ በሰፊው የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ስለሆነ በተፈጥሮ የሚበሉት ነፍሳት አብረውት አልመጡም። ከማሳ በጎርፍ የሚወርደው ማዳበሪያና አፈር ቀለቡ ነው። ነቅላችሁ ብትጨርሱት እንኳ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ሥራው አንድ ዘመቻ አይደለም።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ በምግብ ሰንሰለት (ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሥጋ በል) ከጉልበቱ 10 በመቶው ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል ይባላል። ሌላው የት ይገባል?

መልስ፦ ፈተና ላይ 10 ብለህ መልስ፤ በተፈጥሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ላሟ ከበላችው ሣር ብዙው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ያልተፈጨው እበት ነው። ኩበት የሚነደው ያ ጉልበት ስለቀረበት ነው።

ጥያቄ (ከጮቄ ሥር)፦ ጅብራ (ደጋ ተራራ ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል) አንድ ጊዜ ካበበ በኋላ ለምን ይደርቃል?

መልስ፦ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን ሁሉ በዚያች አንዲት ረጅም አበባ ላይ ያወጣዋል፤ ዘሩንም በብዛት ይበትናል። በቆሎም ጤፍም ዘር ሰጥተው ይደርቃሉ፤ የጅብራው ልዩነት ብዙ ዓመት መጠበቁ ነው።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ዳሞት)፦ ግብጦ የነበረበት መሬት ለቀጣዩ እህል ለምን ይስማማል?

መልስ፦ ሥሩ ላይ እባጮች አሉ፤ ባክቴሪያዎች ውስጣቸው ሆነው የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት ይለውጣሉ፤ ግብጦው በምትኩ ስኳር ይመግባቸዋል። ባቄላም እንዲሁ ነው። ሊያዩት ከፈለጉ ሲያብብ አንዱን ያውጡና እባጩን በጥፍር ይክፈሉት፤ ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው፤ አመድማ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ዩሪያ የበዛበት ማሳ ላይ እባጩ ያንሳል፤ ተክሉ ናይትሮጅኑን በነፃ ካገኘ ባክቴሪያ አይቀልብም። ሲያወጡት ግን አይጎትቱት፤ ዙሪያውን በዶማ ቆፍረው ከነአፈሩ ያንሡት፤ ካልሆነ እባጮቹ ተበጥሰው መሬት ውስጥ ይቀራሉ።