ሹራቡ ለምን እንደ ቀሚስ ሰፋ?

«እትዬ፣ ለ2 ዓመት ልጄ እጅጌ የሌለው ሹራብ ጀምሬ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል። በ50 ቀለበት ጀምሬ ሁሉንም መስመር አንድ ዓይነት ነው የሠራሁት። አሁን ስቆጥረው 63 ሆኗል። መሃሉ ላይ ቀዳዳ የለውም፤ ግን በግራም በቀኝም እየሰፋ እንደ ቀሚስ ተንዘርፍፏል። ምን አጥፍቼ ነው?»

አይዞሽ። ይሄ ያልደረሰበት ሹራብ ሠሪ አላውቅም። እኔ ራሴ ለታናሽ ወንድሜ ብዬ የጀመርኩት ለአባቴ ሊበቃ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቀዳዳ የለውም ማለትሽ ጠቅሞኛል። ቀለበት መሃል ላይ የሚጨመረው ክሩ ሳይታወቅ መርፌው ላይ ሲጠመጠም ነው፤ እሱ ደግሞ ቀዳዳ ይተዋል። ያንቺው ጣጣ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ የመስመሩ የመጀመሪያ ቀለበት ላይ።

እስቲ ሹራቡን አንሺው። አንድ መስመር ጨርሰሽ ስትገለብጪው ክሩ ከፊት፣ ባንቺ በኩል ይሆናል። ወደ ኋላ ልትወስጂው ከመርፌው በላይ አሻግረሽ ሳብ ካደረግሽው የመጀመሪያው ቀለበት አብሮ ይነሳል። ያኔ ሁለቱ እግሮቹ ጎን ለጎን መርፌው ላይ ይታያሉ። አንዱ ሁለት መሰለ ማለት ነው። አንቺም ሁለቱንም ትሠሪያቸዋለሽ። አንዴ በዚህ ጠርዝ፣ አንዴ በዚያኛው ሲጨመር 13 ምን አላት?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ክሩን ከመርፌው በታች አሳልፈሽ ወደ ኋላ ውሰጂው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀለበት ከሥሩ በጣትሽ ወደ ታች ሳብ አድርጊው፤ አንድ ሆኖ ይቆማል። እስኪለምድሽ ድረስ በየመስመሩ ቁጠሪ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። መተርተር ግን የበለጠ ይሰለቻል።

የተሠራውስ? «ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ እየሠራሽ ቀንሺው» የሚሉሽ አይጠፉም። አልመክርሽም። ጠርዙ ይወላገድና የጎኑ ስፌት አይገጥምልሽም። ጠርዙ መዘንበል እስከጀመረበት ድረስ ተርትሪው። የመጨረሻውን መስመር ቀስ ብለሽ፣ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ እየለቀምሽ ፍቺው። ቀለበት መርፌ ላይ እንደ ፈረሰኛ ነው የሚቀመጠው፤ ቀኝ እግሩ ከፊት፣ ግራው ከኋላ። ከተገላበጠ ተጠማዞ ይቀራል። የተተረተረው ክር ይጨማደዳል፤ ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለሽ በውሃ አርጥቢውና እዚያው ይድረቅ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። 50 ቀለበት ከየት መጣ? ከጎረቤት ከሆነ የሷ እጅ ካንቺ ሊላላ ወይም ሊጠብቅ ይችላል። በዚያው ክርና መርፌ 25 ቀለበት ጀምረሽ መዳፍ የምታክል ናሙና ሥሪ። እጠቢያት፣ ሲደርቅ መሃሏ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተሽ ቁጠሪ። 18 ቀለበት አገኘሽ እንበል። የልጁ ደረት ዙሪያ 52 ከሆነ ለምቾት 4 ጨምሪበት፤ 56 ይሆናል። ፊትና ጀርባው እያንዳንዳቸው 28 ናቸው ማለት ነው። 28 ሲባዛ 18፣ ሲካፈል ለ10፤ 50 ገደማ ይመጣል። ለስፌት 2 ጨምረሽ በ52 ትጀምሪያለሽ።

ሁለቱን ቁራጭ ስትገጥሚ ከላይ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ለክንድ ክፍት ተዪ። ትከሻውን በየጎኑ 7 ያህል ያዢው፤ ግን አንዱን ብቻ ስፊ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ሲያለብሱትም ይነጫነጫል። ሌላውን ትከሻ በሁለት ቁልፍ አድርጊው። ቁልፉን ደግሞ አጥብቀሽ ስፊው፤ ከተነቀለ አፉ ውስጥ ነው የሚገባው።