አንጎል ግሉኮስን እንዴት ይወስዳል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የነርቭ ሴሎች ግሉኮስን፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን ስኳር፣ እንዴት እንደሚያገኙ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን ከሌለ ስኳር ወደ ሴል አይገባም ይባላል። ታዲያ የስኳር ሕመምተኛ አንጎሉ አይራብም?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ይሄን ነው። አይራብም። ስኳር ለማስገባት ኢንሱሊንን የሚጠብቁት በዋናነት የጡንቻና የስብ ሴሎች ናቸው። ግሉት-4 የተባለውን አስተላላፊ ፕሮቲን ውስጣቸው ደብቀው ይይዙታል። ኢንሱሊን ሲመጣ ወደ ሽፋናቸው ያወጡታል። የነርቭ ሴል ግን በብዛት የሚጠቀመው ግሉት-3ን ነው። እሱ ደግሞ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሽፋኑ ላይ ይገኛል። ይህ ማለት ኢንሱሊን አንጎል ውስጥ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የምግብ ፍላጎትን በመቆጣጠር ይሳተፋል። ግሉት-4 ያላቸው ጥቂት የነርቭ ሴሎችም አሉ። ዋናው የግሉኮስ አቅርቦት ግን በኢንሱሊን ላይ የቆመ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከደም ተነስቶ ነርቭ ሴል ውስጥ እስኪገባ መንገዱን ብታስረዳን?

መልስ፦ ደስ ይለኛል፤ እኔም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች እርስ በርስ ጥብቅ ብለው የተያያዙ ናቸው። በመሃላቸው ሾልኮ ማለፍ አይቻልም። በሽፋናቸው በኩል እንዳያልፍ ደግሞ ሽፋኑ ቅባት ነው፤ ግሉኮስ በውሃ እንጂ በቅባት አይሟሟም። ስለዚህ አሳላፊ ያስፈልገዋል። እዚህ ግድግዳ ላይ አሳላፊው ግሉት-1 ነው። በደም በኩል ይቀበላል፣ በአንጎል በኩል ይለቃል።

አሠራሩ እንደ ተሽከርካሪ በር ነው። ፕሮቲኑ ወደ ውጭ ተከፍቶ ግሉኮሱን ይይዛል፣ ቅርጹን ይቀይራል፣ ወደ ውስጥ ይከፈታል። በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ግሉኮሱ ግን በጥቅሉ የሚሄደው ከበዛበት ወዳነሰበት ነው።

ከግድግዳው ያለፈው ግሉኮስ በሴሎች መካከል ያለው ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። እዚያ መጠኑ ደም ውስጥ ካለው በጣም ያንሳል። ሆኖም ግሉት-3 ጥቂቱንም አጥብቆ የመያዝ ችሎታ አለው፣ ፍጥነቱም ከግሉት-1 ይበልጣል።

ገና አላለቀም። ሴሉ ውስጥ ሄክሶካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ወዲያው ፎስፌት ይለጥፍበታል። ፎስፌት የተለጠፈበት ግሉኮስ በመጣበት በር መመለስ አይችልም። በዚያ ላይ ውስጥ ያለው ነፃ ግሉኮስ ስለሚያንስ፣ ከውጭ ያለው መግባቱን ይቀጥላል። ብዙ ሰው በሩን ብቻ ያያል። እኔ ግን ከበሩ ይልቅ ይሄ ኢንዛይም ነው የሚገርመኝ።

ጥያቄ፦ ለማስገባት ሴሉ ጉልበት ያወጣል?

መልስ፦ ለማሳለፉ ምንም አያወጣም። ወጪው የሚጀምረው ፎስፌቱ ሲለጠፍ ነው፤ አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴሉ ጉልበት የሚይዝበት አንድ ሞለኪውል።

ጥያቄ፦ አንጎል በቀን ስንት ግሉኮስ ይፈጃል?

መልስ፦ የአዋቂ ሰው አንጎል 120 ግራም ገደማ። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ አካባቢ ሆኖ፣ ሰውነት ዕረፍት ላይ እያለ ከሚጠቀመው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ትልቁ ወጪ፣ ነርቭ ሴሎች መልእክት ሲያስተላልፉ በሽፋናቸው የሚያልፉትን ሶዲየምና ፖታሲየም ወደየቦታቸው ለመመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ስኳር ሲወርድብኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ነገር ይምታታብኛል። ለምን?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መንቀጥቀጡና ላቡ በአብዛኛው የአድሬናሊን ማስጠንቀቂያ ነው። መምታታቱ ግን አንጎሉ ራሱ ሲያጥረው ነው። የነርቭ ሴል የረባ የግሉኮስ ክምችት የለውም። አጎራባቾቹ አስትሮሳይቶች (የነርቭ ሴል ረዳት ሴሎች) ትንሽ ግላይኮጅን፣ ማለትም የተከማቸ ግሉኮስ፣ ቢይዙም ብዙ አያቆይም። ደም ውስጥ ያለው ሲቀንስ በደም ሥሩ ግድግዳ የሚያልፈውም ይቀንሳል፤ ግሉት-3 ምንም ቢቀላጠፍ ያልደረሰውን አያስገባም።

በደም ስኳር መለኪያ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ማስጠንቀቂያ ነው። ከ54 በታች ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ሰውየው ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡ። አስቸኳይ ሕክምና ይጥሩ። አንተ ግን ስኳርህ የሚወርደው በተደጋጋሚ ከሆነ ሐኪምህን አማክር።

ጥያቄ፦ ፈተና ሲደርስ ጣፋጭ ብበላ አንጎሌ ይፈጥናል?

መልስ፦ ጤነኛ ከሆንክና የደም ስኳርህ ደህና ከሆነ ብዙ አትጠብቅ። በሩ አንጎል ከሚፈልገው በላይ ማሳለፍ ይችላል። የሚወሰደውን መጠን የሚወስነው የሴሉ ፍጆታ ነው። እንቅልፍ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ አስትሮሳይት ግሉኮሱን ወደ ላክቴት ቀይሮ ነርቭ ሴልን ይመግባል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ላክቴት ግሉኮስ ሲሰባበር የሚገኝ ውጤት ነው። ሐሳቡን ተመራማሪዎቹ ፔለሪንና ማጂስትሬቲ በ1994 እ.ኤ.አ. አቅርበውታል። ነርቭ ሴል ላክቴትን ማቃጠል መቻሉ አያከራክርም። ክርክሩ ምን ያህል በእሱ ይተማመናል የሚለው ላይ ነው። ነርቭ ሴል ግሉኮስን ራሱ በቀጥታ እንደሚወስድ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ስላለ፣ አንዱ ሌላውን ይሰርዛል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ግሉት-1 የተበላሸበት ሰው አለ?

መልስ፦ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ደ ቪቮና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። ሕፃኑ በተደጋጋሚ ይጥለዋል። የደም ስኳሩ ደህና ሆኖ፣ ከጀርባው በሚቀዳው፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በሚከብበው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ግን ዝቅተኛ ነው። ሕክምናው ስብ የበዛበትና ካርቦሃይድሬት በጣም ያነሰበት አመጋገብ ነው። ጉበት ከስብ ኪቶን የተባለ ምትክ ነዳጅ ይሠራል፤ ኪቶን ደግሞ ወደ አንጎል የሚገባው በሌላ አስተላላፊ ነው፣ ግሉት-1ን አይፈልግም።