«ማቆሚያው የት ነው?» ስለ ማስታወቂያ ኤጀንት ዶክመንቴሽን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው መጥቻለሁ። የጎግልና የሜታ ማስታወቂያን በራሱ የሚያስተዳድር የኤአይ ኤጀንት ልትገዙ የተነሳችሁ በዝታችኋል። ሻጭ አፉ ማር ነው፤ ዶክመንቴሽኑ (ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የአሠራር መመሪያ) ግን ያጋልጠዋል። ስለዚህ ስለ ዶክመንቴሽኑ ጠይቁኝ። ያለሁት ቸርችል ጎዳና ቢሮዬ ነው፣ መብራት እስካለ እመልሳለሁ። «የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ግን አልመልስም።

ባለጫማው፦ ጋሼ፣ እርስዎ የቱ ይሻላል ይላሉ?

መልስ፦ ጀመርን እንግዲህ። ሌላ ጥያቄ።

የአራት ኪሎዋ፦ ሻጮቹ 200 ገጽ ዶክመንቴሽን ላኩልኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከኋላ። «በ5 ደቂቃ ይጀምሩ» የሚለውን ገጽ ዝለዪው። መጀመሪያ ማቆሚያውን ፈልጊ። ኤጀንቱ ሌሊት ቢሳሳት ማን ያቆመዋል? በየት በኩል? እየሠራ ያለውን ጨርሶ ነው የሚቆመው ወይስ መሐል ላይ? ሰዓት ያዢና ፈልጊ። በ5 ደቂቃ ካላገኘሽው ገንዘብሽ እየፈሰሰ ሳለም አታገኚውም።

ከዚያ የገንዘቡን ገጽ እይ። ይሄ የእኔ በሽታ ነው፣ ታገሱኝ። የጎግል አድስ (የጎግል ማስታወቂያ) ኤፒአይ፣ ማለትም ኤጀንቱ ትእዛዝ የሚልክበት በር፣ ገንዘብ የሚቆጥረው በማይክሮ ነው፤ 1 ዶላር 1,000,000 ማይክሮ ነው። ሜታ ደግሞ የዶላር በጀትን በሳንቲም ይቀበላል፤ 1 ዶላር 100 ማለት ነው። አንድ ኤጀንት ሁለቱን ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ያየሁት ዶክመንቴሽን ሠንጠረዡ ላይ «በጀት፦ ቁጥር» ይላል። በቃ፣ ቁጥር! ከሥሩ ያለው ምሳሌ ላይ 5000 ተጽፏል። ማይክሮ ከሆነ ግማሽ ሳንቲም ነው። ሳንቲም ከሆነ 50 ዶላር ነው። ዶላር ከሆነ ቤት ያሸጣል። ሰው ግራ ሲገባው ስልክ ያነሳል፣ ይጠይቃል። ኤጀንት ገምቶ ይሞላና «ተሳክቷል» ይልሻል።

ኮድ ጸሐፊው፦ ማንበብ ብቻ የሚችል ፈቃድ ሰጥቶ መገላገል ነዋ።

መልስ፦ ሜታ ላይ ልክ ነህ፤ የማንበብና የማስተዳደር ፈቃድ ለየብቻ ነው። የጎግል አድስ ኤፒአይ ግን አንድ ፈቃድ ብቻ ነው ያለው። ማንበብ ብቻ እንዲሆን ከፈለግክ የሚገባበትን ተጠቃሚ ራሱን በአካውንቱ ውስጥ «ማየት ብቻ» ማድረግ አለብህ። ይህን በግልጽ የጻፈ ዶክመንቴሽን ካገኘህ ጸሐፊው በእጁ ሞክሮታል ማለት ነው።

ባለጫማው፦ በብር መክፈል ይቻላል? የዶላር ካርድ ከየት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ ባንክህን ጠይቅ።

የሜክሲኮዋ፦ እኔ ኬክ ቤት አለኝ። «በአማርኛ ይታዘዛል» ስላሉኝ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አሳይ» አልኩት። ማስታወቂያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሮጠ።

ባለጫማው፦ በፈረንጅ ሰዓት ብትነግሪውስ?

የሜክሲኮዋ፦ ለምን? በአማርኛ ይሠራል ብለው ሸጡልኝ እኮ። ሌሊት 8 ሰዓት ኬክ የሚያዝ ማን ነው?

ኮድ ጸሐፊው፦ ኬክ ባያዝም ክሊክ የሚያደርግ አይጠፋም።

ባለጫማው፦ የእኛ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሰቅለናል፣ አንዱ የሐበሻ አንዱ የፈረንጅ። የፈረንጁ ባትሪ ካለቀ ቆየ።

የአራት ኪሎዋ፦ ስልክህ ላይስ የቱ ነው?

መልስ፦ የሰዓቱን ጨዋታ ሌላ ቀን። የሜክሲኮዋ ልክ ናት። «በአማርኛ ይሠራል» ያለ ሻጭ የእኛን ሰዓት እንዴት እንደሚተረጉም መጻፍ አለበት። የማንን ሰዓት እንደሚከተልም ጭምር፤ ጎግል አድስ ላይ ማስታወቂያ የሚሮጠው በአካውንቱ የሰዓት ክልል ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በዋሽንግተን ሰዓት የከፈተላችሁ አካውንት በዋሽንግተን ሰዓት ይሮጣል።

ቋንቋ ካነሳችሁ አንድ ልጨምር። እኛ መብራትም «አጥፋ» እንላለን፣ ፋይልም «አጥፋ» እንላለን። ጎግል አድስ ላይ ለጊዜው የቆመ ካምፔይን (የማስታወቂያ ዘመቻ) በአንድ ክሊክ ይነሳል። የተወገደ ግን ዳግም አይነሳም። «ካምፔይኑን አጥፋው» ስትሉት ኤጀንቱ የቱን ያደርጋል? ዶክመንቴሽኑ «ከማስወገዴ በፊት አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር ከሌለው እኔ እጄን አልሰጠውም። ማቆሚያውን ፈልጉ ያልኩት ለዚህም ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ዶክመንቴሽን ምን ዓይነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ።

የአራት ኪሎዋ፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥስ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ። ኤጀንቱ «ካምፔይን ፍጠር» ብሎ ላከ። እዚያ ተፈጠረ። መልሱ ሳይደርሰው መስመሩ ተቋረጠ። አልተሳካም ብሎ ደግሞ ይልካል? ታዲያ ሁለት ካምፔይን፣ ሁለት በጀት ሊሆን ይችላል። ዶክመንቴሽኑ ውስጥ «ድጋሚ ሙከራ» የሚለውን ፈልጊ። መጀመሪያ መኖሩን አጣርቶ ነው የሚልከው ወይስ ዝም ብሎ? ደግሞ የጎግል አድስ ኤፒአይ ትእዛዙን ሳይፈጽም ትክክል መሆኑን ብቻ የሚፈትሽበት መንገድ አለው። መሣሪያው ይጠቀምበት እንደሆነ እይ።

ኮድ ጸሐፊው፦ ጋሼ አበዙት። የቀን በጀት ጣሪያ ካለ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ የትኛው ጣሪያ? ጎግል በአንድ ቀን የቀን በጀትህን እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቅልህ የወሩን ነው፣ የቀኑ በ30.4 ተባዝቶ። ኤጀንቱ ደግሞ አንድ ቀን እጥፍ ሲወጣ አይቶ ደንግጦ በጀቱን ቢቀንስ፣ በማግስቱ ቢጨምር? እሱን የሚያብራራ ገጽ አሳየኝና እኔም እገዛለሁ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። ግን በአጭሩ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ …

ባለጫማው፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ሰዓት ይዤ ማቆሚያውን ፈለግኩ። በ11 ደቂቃ አገኘሁት።

መልስ፦ ምን ይላል?

ባለጫማው፦ «ይህ ገጽ በቅርቡ ይሞላል።»