ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ፍጻሜ የሚቀይር አለ ወይ?

«በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቋሚ ያልሆነ ልጅ ምን ይለውጣል?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. የ2013ቱን የአሜሪካ ኮሌጆች ፍጻሜ ፈልገህ እየው። ሉዊቪል በሚሺጋን በ12 ነጥብ እየተመራ ነበር። ያን ያህል ያራቃቸውም ራሱ ተጠባባቂ ነው፤ ስፓይክ አልብሬክት የሚባል አጭር ልጅ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 17 አገባ። ከዚያ ሉክ ሃንኮክ፣ እሱም ከወንበር የተነሳ፣ ለሉዊቪል 14 ነጥብ በተከታታይ ብቻውን አስቆጠረ፤ ጨዋታው እንደገና ነፍስ ዘራ። ከሩቅ የሞከራቸው 5 ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች አንድም ሳይስት ገቡለት። በ22 ነጥብ ጨረሰ፣ 82 ለ 76 አሸነፉ። ዋንጫው በኋላ በቅጣት ተሰርዟል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሃንኮክ ግን የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከተጠባባቂ ይህን ክብር ያገኘ ከሱ በፊት ማንም አልነበረም።